የድሮ የጨዋታ መጽሔቶችን ማካፈል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየጣሉና ሚና እየተከፋፈሉ የሚጫወቱ ሰዎች ከኢንተርኔት በፊት የሚገናኙት በመጽሔት ነበር። አሜሪካ ውስጥ «ድራገን» በ1976፣ እንግሊዝ ውስጥ «ዋይት ድዋርፍ» በ1977 መታተም ጀመሩ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ገጾቻቸው ስካን ተደርገው በጨዋታው ወዳጆች መካከል ይዘዋወራሉ። «ይፈቀዳል፣ አይፈቀድም» የሚለው ክርክርም አብሯቸው ይዘዋወራል። እኔ ጠበቃ ሳልሆን የድሮ ወረቀት ወዳጅ ነኝ፤ ክርክሩን ግን ደጋግሜ ስለሰማሁት ስህተቶቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ።

«አሳታሚው ከጠፋ መጽሔቱ ባለቤት የለውም»

ድርጅት ሲጠፋ መብቱ አብሮት አይቀበርም። የ«ድራገን» አሳታሚ የነበረው ቲኤስአር በ1997 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ለተባለ የጨዋታ ኩባንያ ተሸጠ፤ እሱን ደግሞ የመጫወቻ አምራቹ ሃዝብሮ በ1999 ገዛው። በአሜሪካ ሕግ በ1976 የቅጂ መብት ማስታወቂያ (የ© ምልክት፣ ዓመቱና የባለቤቱ ስም) ይዞ የታተመ ጽሑፍ ለ95 ዓመታት ይጠበቃል። እስከ 2071 መጨረሻ ማለት ነው። ጽሑፉን በ1976 በ12 ዓመቱ ያነበበ ልጅ ያኔ 107 ዓመት ይሞላዋል።

«መጽሔቱን የገዛ ኩባንያ በውስጡ ያለውን ሁሉ ገዝቷል»

እዚህ ላይ ትልልቆቹም ተሰናክለዋል። ከእነዚያ መጽሔቶች አንዱን ብትገልጡ ከፊት የአዘጋጁን ማስታወሻ ታገኛላችሁ። መሃል ላይ አንድ አንባቢ ቤቱ ተቀምጦ ስለ ወጥመድ አሠራር ጽፎ በፖስታ የላከው ጽሑፍ አለ፤ ከአጠገቡ ሌላ ሰው የሳለው ዘንዶ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ የሌላ ሰው ካርቱን። የቅጥር ሠራተኛው በሥራው የጻፈው የቀጣሪው ነው። ተቀጣሪ ሳይሆን ጽሑፉን የላከው ሰው ግን የሸጠው አንድ ጊዜ የማተም መብትን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳዩን የሚወስነው በዚያን ጊዜ የፈረመው ወረቀት ነው።

በ1999 የ«ድራገን» የመጀመሪያዎቹ 250 እትሞች በሲዲ ተሰብስበው ለገበያ ቀረቡ። በውስጣቸው «ናይትስ ኦፍ ዘ ዲነር ቴብል» የተባለው የጆሊ ብላክበርን አስቂኝ ካርቱን ነበረበት። ባለመብቶቹ «ለመጽሔት እንጂ ለሲዲ አልሸጥንም» አሉ። ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ የካርቱኑ አሳታሚ ኬንዘር ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ከተባለው ታዋቂ የሚና ጨዋታ የድሮ ቅጂ የተቀዳ «ሃክማስተር» የተባለ ጨዋታ የማውጣት ፈቃድ አገኘ። በአንድ የካርቱን ገጽ የተነሳ ሙግት አንድ ሙሉ ጨዋታ ወለደ!

በጁን 2001 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጆናታን ታሲኒና ሌሎች ሳይቀጠሩ የሚጽፉ ጸሐፊዎች ኒው ዮርክ ታይምስን በከሰሱበት መዝገብ ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ለጸሐፊዎቹ ፈረደ። የጋዜጣ ጽሑፍን ነጥሎ በኤሌክትሮኒክ መረጃ ቋት ማቅረብ የጸሐፊውን ፈቃድ ይጠይቃል አለ። ስለዚህ የመጽሔቱ ባለቤት «አካፍሉ» ቢላችሁ እንኳ ሊሰጣችሁ የሚችለው እጁ ላይ ያለውን ብቻ ነው።

«ምልክት ከሌለው ነጻ ነው»

ይኼኛው ግማሽ እውነት ስለሆነ ይበልጥ ያሳስታል። አሜሪካ ውስጥ ከ1978 በፊት ያለ ቅጂ መብት ማስታወቂያ የታተመ ጽሑፍ በአብዛኛው ጥበቃውን አጥቷል። በዚያ ዘመን በስቴንስል ማባዣ ተባዝተው፣ ጥጋቸው በስፌት ሽቦ ተይዞ የሚላኩ የወዳጆች ጋዜጣዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ከዚህ የሚመደቡ ይመስለኛል። ከ1978 እስከ 1989 መጀመሪያ ድረስ ለታተሙት ስህተቱን በአምስት ዓመት ውስጥ በማስመዝገብ ማረም ይቻል ነበር። ከማርች 1 ቀን 1989 ወዲህ ምልክት ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። እንግሊዝ ውስጥ ለታተመው ደግሞ ምልክት ፍለጋ አትድከሙ፤ የዚያ አገር ሕግ የጥበቃው ቅድመ ሁኔታ አላደረገውም።

«ምንጩን ጠቅሻለሁ፣ ገንዘብም አላገኘሁበትም»

ምንጭ መጥቀስ ጨዋነት ነው፤ ፈቃድ ግን አይተካም። ትርፍ አለመፈለግም «ፍትሐዊ አጠቃቀም» (በአሜሪካ ሕግ ያለ ፈቃድ መጠቀም የሚቻልበት ሁኔታ) ሲመዘን ከሚታዩት አራት ነጥቦች የአንደኛው ክፍል ብቻ ነው። ሙሉ ጽሑፍ መቅዳት በሌላው ሚዛን ላይ ይከብዳል።

«እንግዲያው የጨዋታውን ሕግ መናገርም ክልክል ነው»

በፍርሃት ወደ ሌላው ጫፍ የሚሄዱት ደግሞ እነዚህ ናቸው። እንበልና አንድ የድሮ ጽሑፍ «የተጣበቀ በር ለመክፈት ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ጣሉ፤ 1 ወይም 2 ከወጣ ይከፈታል» ይላል። ይህ ዘዴ ነው፤ ዘዴ ደግሞ በቅጂ መብት አይያዝም። በራሳችሁ ቃል ጽፋችሁ ለሺህ ሰው ብታካፍሉት የሚጠይቃችሁ የለም። ጸሐፊው የማጠፊያውን ሲጥሲጥታ የገለጸበት አንቀጽ፣ ከበሩ ጀርባ ያስቀመጠው ፍጡር ታሪክና የሳለው ካርታ ግን የራሱ ነው።

ልዩነቱ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1879 ስለ ሒሳብ መዝገብ አያያዝ በተጻፈ መጽሐፍ ክርክር፣ መጽሐፉ ይጠበቃል፣ የተብራራው ዘዴ ግን ለሁሉም ክፍት ነው ብሎ ወስኗል። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም (ይኼኛው በእኛው አቆጣጠር ነው) ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ጠማማ ስካን ከማዞር ዘዴውን አጥርቶ እንደገና መጻፍ ለተጫዋቹም ይጠቅመዋል፤ ግማሹ የድሮ ሠንጠረዥ በደበዘዘ ቀለም ምክንያት አይነበብም።

«ፈቃድ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው»

ኩባንያ ላይመልስ ይችላል፤ ዝምታውም ፈቃድ አይደለም። ጸሐፊው ግን ሌላ ሰው ነው። መብቱን ጨርሶ ካልሸጠ ዛሬም ባለቤቱ እሱ ነው። ከ1978 ወዲህ አሳልፎ የሰጠ የአሜሪካ ጸሐፊ እንኳ፣ ሥራው በቅጥር የተሠራ ካልሆነ፣ ከ35 ዓመት በኋላ ሕጉ በሚያዘው ጊዜ አስቀድሞ አሳውቆ መብቱን ማስመለስ ይችላል። በ1992 የሰጠውን የማስመለሻው በር የሚከፈተው በ2027 ነው። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፦ የእትሙ ቁጥር፣ ገጹ፣ የት እንደምታስቀምጡት፣ ሙሉውን ወይስ ከፊሉን እንደምትፈልጉ። መልሱ «እሺ» ከሆነ ከስካኑ ጋር አስቀምጡት።