የቶሌዶ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት

ቶሌዶ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ካቴድራሉ ነው። አይፈረድበትም፣ ግዙፍና የሚያምር ነው። የከተማዋን ጠባይ ማወቅ ለፈለገ ግን በየሰፈሩ የተሸጎጡት ትንንሾቹ አጥቢያዎች ይበልጣሉ። ብዙ ሰው ሳያያቸው ያልፋል።

ከተማዋ ከማድሪድ በስተደቡብ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። የታሆ ወንዝ በሦስት በኩል ከቧታል። በመጀመሪያ የቪዚጎቶች (ከሮማውያን በኋላ ስፔንን የገዛ ጀርመናዊ ሕዝብ) መዲና ነበረች። በ711 አካባቢ በሙስሊሞች እጅ ወደቀች፣ በ1085 ደግሞ ንጉሥ አልፎንሶ 6ኛ ያዛት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ መስጊዶቹ ቀስ በቀስ ቤተ ክርስቲያን ሆኑ። የሙስሊሞቹ የግንበኝነት ሙያ ግን አልጠፋም። ግድግዳ ጠጋ ብለው ይዩ፦ ያልተጠረበ ድንጋይ በጡብ መስመር ተከፍፎ ይታያል። ማማዎቹ ላይ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ቅስቶች ተደርድረዋል። ደወሉ ባይኖር የአዛን ማማ ይመስላሉ። ይህ የአሠራር ስልት ሙዴሃር ይባላል።

በጣም የታወቀው አጥቢያ ሳንቶ ቶሜ ነው። ሰው የሚሰለፈው ኤል ግሬኮ የሣለውን «የኦርጋዝ ኮንት ቀብር» ለማየት ነው። የሥዕሉ ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው ከፍርድ ቤት ነው። ኦርጋዝ የምትባለው ከተማ ጌታ ጎንዛሎ ሩዊዝ በ1323 ሲሞት የኦርጋዝ ሰዎች ለዚህ አጥቢያ በየዓመቱ ሁለት በግ፣ 16 ዶሮ፣ ሁለት አቁማዳ የወይን ጠጅ፣ ሁለት ጭነት እንጨትና 800 ማራቬዲ (የዘመኑ ገንዘብ) እንዲሰጡ ተናዘዘ። ከ200 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሰዎቹ «በቃን» አሉ። የአጥቢያው ቄስ አንድሬስ ኑኜዝ ከሰሱና በ1569 አሸነፉ። ከዚያ ባለውለታው እንዳይረሳ ብለው በ1586 ሥዕሉን አዘዙ። ሠዓሊውም የዚያው አጥቢያ ምእመን ነበር።

በሥዕሉ ላይ ቅዱስ እስጢፋኖስና ቅዱስ አውግስጢኖስ ከሰማይ ወርደው ሟቹን ሲቀብሩ ይታያል። ከላይ ሰማዩ ተከፍቷል፣ ከታች ጥቁር የለበሱ የቶሌዶ መኳንንት ቆመዋል። ፊት ለፊት በእጁ የሚጠቁመው ልጅ የሠዓሊው ልጅ ሆርሄ ማኑኤል ነው። ከኪሱ በወጣው መሐረብ ላይ የሠዓሊው ፊርማና 1578፣ ልጁ የተወለደበት ዓመት፣ ተጽፏል። ሥዕሉ ሲያልቅ ገማቾች 1,200 ዱካት (የወርቅ ገንዘብ) አሉት። አጥቢያው በዛ ብሎ አቤት አለ። ሁለተኛው ግምት ጭራሽ 1,600 ሆኖ ተመለሰ! በመጨረሻ በ1,200 ተስማሙ። ሥዕሉ ዛሬም በተሣለለት ቦታ፣ ከሟቹ መቃብር በላይ፣ ተሰቅሏል። ሟቹ ኮንት (የመኳንንት ማዕረግ ነው) መባሉ እንኳ ስህተት ነው፤ ማዕረጉ ለቤተሰቡ የተሰጠው እሱ ከሞተ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው።

ለእኔ ግን ሳን ሮማን ይበልጣል። በ1221 የተቀደሰ ሲሆን አሁን የቪዚጎት ሙዚየም ነው። ግድግዳው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ተሸፍኗል። ሙታን ከመቃብር እየተነሡ ነው፣ ጳጳሳቱ ቆመዋል፤ ከጎናቸው ያለው ጌጥ ደግሞ የዐረብኛ ጽሕፈት ይመስላል። ይህን ሁሉ በአንድ ግድግዳ ላይ ማየት ያስደንቃል።

ኤል ሳልቫዶር ጠበብ ያለ ነው። ቀድሞ መስጊድ ነበር፣ ከዚያ የቀሩ ቅስቶች አሁንም ቆመዋል። እዚያ አንድ የቪዚጎት ዘመን ዓምድ አለ። የተቀረጹበትም የዕውሩ መፈወስ፣ የአልዓዛር መነሣት፣ ሳምራዊቷ ሴትና ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ናቸው። ቸኩለው እንዳያልፉት።

ሌላው የቶሌዶ ጉድ የሞዛራቦቹ አጥቢያ ነው። ሞዛራብ የሚባሉት በሙስሊም አገዛዝ ሥር ሃይማኖታቸውን ጠብቀው የኖሩ፣ ዐረብኛ የሚናገሩ ክርስቲያኖች ናቸው። በልማዱ ስድስት አጥቢያ ነበራቸው። አጥቢያቸው በሰፈር የሚወሰን አልነበረም፣ በዘር ነው። ሌላው ሰው የሚኖርበት ሰፈር ደብር ይሄዳል፣ ሞዛራቡ ግን የትም ቢኖር የአባቱ ደብር ምእመን ነው። ከሮም የተለየ የራሳቸው የቅዳሴ ሥርዓት ነበራቸው፣ የቶሌዶ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሲስኔሮስ በ1500 መጽሐፉን አሳትመው ከመጥፋት አዳኑት። በካቴድራሉ ውስጥ ባለው ቤተ ጸሎታቸው ዛሬም ይቀደስበታል።

ለጎብኚ ጥቂት ነገር፦ ሳንቶ ቶሜንና ኤል ሳልቫዶርን ጨምሮ በርካታ ቦታዎች የሚያስገባ የእጅ ማሰሪያ ይሸጣል። ካወለቁት ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ አስረውት ይደሩ። ጫማ አይወልቅም፣ ወንድ ግን ባርኔጣውን ያነሣል። ቅዳሴ ላይ ከደረሱ ጉብኝቱን ትተው ይቀመጡ። ከተማዋ ዳገት ናት፣ ጉልበት ትጨርሳለች። በሳንቲያጎ ዴል አራባል ይጨርሱ፤ ባለ ጡቡ የሙዴሃር ደብር ከታች በቢሳግራ በር አጠገብ ስለሆነ፣ ቁልቁል ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሲወርዱ መንገድዎ ላይ ነው።