ነበልባል ተከላካይ ድንኳን ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሜ ሰማሁት። አንድ የዝግጅት አስተባባሪ ስለሚተክሉት ትልቅ ድንኳን ሲያስረዳ «ሸራው ነበልባል ተከላካይ ነው፣ ሰርተፊኬት አለው፣ የእሳት ነገር አያሳስብም» አለ። ሌላው ደግሞ ተቀበለና «እንዲያ ከሆነ ማብሰያውን ለምን ውጭ ታደርጉታላችሁ? ውስጥ አስገቡት» ብሎ መከረ። የተቃወመ ሰው አልነበረም። እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ሰርተፊኬቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ከእሱ ተነስተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን ሰው ይገድላል።

እሳት እንዴት እንደሚነሳ፣ ማጥፊያ እንዴት እንደሚያዝ እዚህ አልዘረዝርም። የማወራው ወረቀቱ ስለሚለውና ስለማይለው ነገር ነው።

ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው። ከሸራው ቁራጭ ተወስዶ ላቦራቶሪ ውስጥ ተሰቅሏል። ከሥሩ ትንሽ ነበልባል ለተወሰነ ጊዜ ተይዞለታል። ነበልባሉ ሲወሰድ ጨርቁ ላይ የቀረው እሳት በራሱ ጠፍቷል። በቃ፣ ይኸው ነው። በአሜሪካ የሚሠራበትና በሌላም አገር ብዙ አምራቾች የሚጠቅሱት ኤንኤፍፒኤ 701 የተባለው መስፈርት የድንኳን ሸራ በሚለካበት ዘዴ ነበልባሉ ከጨርቁ ጋር የሚቆየው 2 ደቂቃ ነው። ነበልባሉ ከተወሰደ በኋላ ጨርቁ ከ2 ሰከንድ በላይ እየነደደ መቆየት የለበትም። የከሰለው ክፍል ርዝመትም ገደብ አለው። ቀልጦ የሚንጠባጠበውም መሬት ላይ ሆኖ መንደዱን መቀጠል የለበትም። አውሮፓ ውስጥ አለካኩም የደረጃው ስምም ይለያል፣ የፈረንሳይ ኤም2 ወይም የጀርመን ቢ1 የሚል ወረቀት ሊያጋጥማችሁ ይችላል፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ያልነበረውን ደግሞ ተመልከቱ። የጋዝ ሲሊንደር አልነበረም። የተደረደረ የፕላስቲክ ወንበር አልነበረም። ንፋስ አልነበረም። ጄነሬተር፣ የድምፅ ማጉያ ሽቦ፣ የጣሪያ ማስጌጫ ጨርቅ፣ ልጅ የያዘች እናት አልነበሩም። የተፈተነው አንድ ቁራጭ ሸራ ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ሳለ።

ሸራውን እንደ በር ዘበኛ አድርጋችሁ አስቡት። ዘበኛው ብቻውን መጥቶ አጥር ሊዘል የሚሞክርን ሌባ ያባርራል። የተቀጠረውም ለዚያ ነው። የሲጋራ ቁራጭ፣ የወደቀ ሻማ፣ ከሽቦ የፈነጠቀ ብልጭታ እንዲህ ያሉ ብቸኛ ሌቦች ናቸው፤ ጥሩ ሸራ እነዚህን ይመልሳል፣ ስንት አደጋ ገና ሳይጀመር የሚቀረውም በዚህ የተነሳ ነው። ሃያ ሆነው አጥሩን ገፍተው ለሚመጡት ግን አንድ ዘበኛ አይበቃም። የተቆለለ ወንበር ሲነድ ወይም የተበጠሰ የጋዝ ጎማ ሲንቦገቦግ የሚወጣው ሙቀት ላቦራቶሪ ውስጥ ከነበረው ትንሽ ነበልባል ጋር አይወዳደርም። ሸራው ይቀልጣል፣ ይቀደዳል፣ በቂ ሙቀት ካገኘም ይነድዳል። ሌባውን በዋናው በር አጅበን ራሳችን ካስገባነው ደግሞ፣ ማለትም ማብሰያውንና ሲሊንደሩን ውስጥ ካደረግነው፣ ዘበኛው አጥሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ምንም ነገር የለም።

ጨርቁ ለምን በራሱ እንደሚጠፋ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የምለው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በዛሬ ጊዜ ብዙው ትልልቅ ድንኳን ፒቪሲ በሚባል ፕላስቲክ የተለበጠ ፖሊስተር ነው። ፒቪሲ ውስጥ ክሎሪን አለ። ሲሞቅ የሚለቀው ጋዝ ነበልባሉ የሚቀጥልበትን የኬሚካል ሰንሰለት ያቋርጣል። ፋብሪካዎች አንቲሞኒ ትራይኦክሳይድ የሚባል ነገር ሲጨምሩበት ደግሞ ይህ ሥራው ይበረታል። ጥጥ ላይ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ፎስፈረስ ነው። ጨርቁ የሚነድ ጋዝ ከመስጠት ይልቅ እንዲከስል ያደርገዋል። በሌላ አነጋገር፣ መከላከያው ጨርቁ ውስጥ ወይም ላዩ ላይ ያለ ነገር ነው። ላዩ ላይ ያለ ነገር ደግሞ ይለቃል።

ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ከፋብሪካ ሲሠራ መከላከያው ከቁሱ ጋር የተዋሃደ ሸራ አለ። ተራ ጨርቅ ሆኖ በኋላ የተረጨ ወይም የተነከረ ሸራም አለ። በጨው መልክ የሚረጩት፣ ለምሳሌ ቦራክስና አሞኒየም ፎስፌት፣ ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። ጥቂት ዝናብ ወይም አንድ ጠንካራ እጥበት አብዛኛውን ይዞት ይሄዳል። ጨርቁ በዓይን ሲታይ ያው ነው። ወረቀቱም ፋይል ውስጥ ያው ነው። ዘበኛው ግን ከሥራ ከለቀቀ ቆይቷል። ስለዚህ «ሰርተፊኬት አለው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ቀድሜ የምጠይቀው ቀኑን ነው። ከዚያ ሸራው ስንት ዝናብ አየ፣ በምን ታጠበ፣ የተቀደደው በምን ተጠገነ የሚለው ይመጣል።

በላዩ ላይ ምን ተቀባ የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1944 በአሜሪካ ኮኔቲከት፣ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ የሰርከስ ድንኳን ተቃጠለ። ሸራው ዝናብ እንዳያስገባ ተብሎ በቤንዚን በቀጠነ ፓራፊን ሰም ተነክሮ ነበር። ውሃ እንዳይገባ የተደረገው ጥንቃቄ ጣሪያውን ራሱን ማገዶ አደረገው። በሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ውስጥ ነበር። ድንኳኑ በ10 ደቂቃ ገደማ ነድዶ ወደቀ፣ ከ160 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹም ልጆች ነበሩ። «ይሄ የድሮ ታሪክ ነው፣ ዛሬ በሰም የሚነክር የለም» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ትልቅ ድንኳን እንዲያ የሚነክር እምብዛም አይገኝም። ግን ጥሩ ሸራ ገዝቶ በኋላ ያገኘውን የውሃ መከላከያ ቅባት የሚረጭ፣ ለማሳመርም ቀለም የሚቀባ ሰው ዛሬም አለ። ያ ቅባት ከሸራው ጋር አብሮ ካልተፈተነ ፋይል ውስጥ ያለው ወረቀት የሚያወራው ስለ ሌላ ሸራ ነው።

ሃርትፎርድን ያነሳሁት ግን ስለ ሰሙ ብቻ አይደለም። እዚያ ከነበሩት መውጫዎች አንዳንዶቹ አራዊቱ በሚያልፉበት የብረት መተላለፊያ ተዘግተው ነበር። ሰው ወደዚያ ሮጦ ብረት ላይ ተከመረ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 በሕንድ ዳብዋሊ በተባለች ከተማ የትምህርት ቤት ሽልማት ሲሰጥ ከሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠራ ድንኳን ተቃጥሎ ከ400 በላይ ሰው ሲሞት፣ አሁንም አብዛኞቹ ልጆች፣ መውጫው ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አይበቃም ነበር። ጨርቁ ከባሰም አደጋው ይብሳል፣ ይሄ ግልጽ ነው። ሰው በሕይወት የሚወጣው ግን በበር ነው፣ የጨርቁ ጥራት የሚገዛለት እዚያ በር የሚደርስበትን ጊዜ ነው። በር ከሌለ ጊዜው ለምን ይጠቅማል?

ለዚህ ነው ስለ ጊዜያዊ ድንኳን የሚወጡ ደንቦች ስለ ሸራው ጥቂት ብለው ስለ ቀሪው ብዙ የሚሉት። ምሳሌ የማደርገው ኢንተርናሽናል ፋየር ኮድ የሚባለውን ነው። ስሙ ዓለም አቀፍ ቢሆንም በዋናነት የሚሠራበት አሜሪካ ነው፣ በየቦታው ሲጸድቅም ይሻሻላል። ስለዚህ ቁጥሮቹን ለመጠን ግንዛቤ ውሰዷቸው፤ የምትታዘዙት ግን ድንኳኑ የሚተከልበትን ቦታ የእሳት ባለሥልጣን ነው። በዚያ ደንብ ከ37 ካሬ ሜትር ገደማ በላይ የሆነ ድንኳን በመርህ ደረጃ ፈቃድ ይፈልጋል። ከሕንፃ፣ ከሌላ ድንኳን፣ ከቆመ መኪናና ከጄነሬተር 6 ሜትር ገደማ መራቅ አለበት። የድንኳኑ ገመድ ደግሞ የድንኳኑ አካል ሆኖ ይቆጠራል፣ ርቀቱ የሚለካው ከግድግዳው ብቻ አይደለም። ምግብ የሚበስልበት ድንኳን ከሌሎቹ በዚያው 6 ሜትር ይለያል። በዙሪያው ገመድም ሆነ ሌላ እንቅፋት የሌለበት 3.6 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው መተላለፊያ ክፍት መሆን አለበት። ከየትኛውም ቦታ ተነስቶ መውጫ ጋ ለመድረስ የሚሄዱት ርቀት ከ30 ሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም። ድርቆሽና ጭድም ሕዝብ የሚሰበሰብበት ድንኳን ውስጥ ቦታ የላቸውም።

የመውጫው ቁጥር በሰው ብዛት ይወሰናል። እዚህ ላይ ሌላ የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። «ይሄ ድንኳን ስንት ሰው ይይዛል?» ተብሎ ሲጠየቅ አንድ ቁጥር ይነገራል። አንድ ቁጥር የለም። የሰው ብዛት የሚሰላው በአቀማመጥ ነው። በዚሁ ደንብ ስሌት ጠረጴዛና ወንበር ካለ ለአንድ ሰው 1.4 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ወንበር ብቻ ከሆነ 0.65 ገደማ፣ ሰው ቆሞ ከሆነ 0.46 ገደማ ይያዛል። መድረኩና መተላለፊያው ተቀንሶ 200 ካሬ ሜትር የቀረው ድንኳን በጠረጴዛ 140 ሰው ገደማ ነው፣ ሁለት መውጫ ይበቃዋል። ጠረጴዛው ተነስቶ ወንበር ብቻ ሲደረደር 300 ይደርሳል፣ ሦስት መውጫ ይፈልጋል። ወንበሩም ተነስቶ ሰው ሲቆም ከ400 ያልፋል። ሸራው ያው ነው፣ ሰርተፊኬቱም ያው ነው፣ አደጋው ግን ሌላ ሆኗል። ማታ ላይ ጠረጴዛ አንስተው ቦታ ሲያሰፉ መውጫ የሚጨምሩ አዘጋጆች ቢኖሩ እንዴት ደስ ባለኝ።

መውጫ ስል የተከፈተና የሚታይ መውጫ ማለቴ ነው። የተቆለፈ ዚፕ መውጫ አይደለም። ጨለማ ውስጥ፣ ጭስ ውስጥ፣ ሰው እየገፋህ ዚፕ ፈልጎ መክፈት አይታሰብም። መጋረጃ ካለበት ብረት ላይ በቀላሉ የሚንሸራተትና ከድንኳኑ ቀለም የተለየ ቀለም ያለው መሆን አለበት፣ ሰው ከሩቅ ለይቶ እንዲያየው። ብርድ ነው ተብሎ በወንበር ወይም በድምፅ ማጉያ የተደገፈ መውጫም ከመውጫ አይቆጠርም።

የውስጥ ጨርቁን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ነበልባል ተከላካይ ከሆነው ሸራ ሥር ለማማር ተብሎ ስስ ጨርቅ ይዘረጋል፣ ወረቀት አበባ ይንጠለጠላል፣ የሚሞቅ መብራት ከጎኑ ይታሰራል። ወረቀቱ የተሰጠው ለውጭው ሸራ ነው። ስሱ ጨርቅ ግን ለእሳት ቅርብና ለመንደድም ፈጣን ነው። እሳቱ ከጣሪያ ሥር በጨርቁ ላይ ሮጦ ሰው ራስ ላይ ሊያዘንብ ይችላል፣ የውጭው ሸራ ገና ሳይነካ። እኔ ብጠየቅ ማስጌጫው የራሱ ወረቀት ከሌለው አይገባም።

«ታዲያ ሸራው ዋጋ የለውም እያልክ ነው?» ላለኝ ሰው፦ አላልኩም። ያለ እሱ ድንኳን እንዲተከል አልፈርምም። እ.ኤ.አ. በ1997 መካ አጠገብ ባለችው ሚና፣ በሐጅ ጊዜ የምዕመናኑ የድንኳን ከተማ ሲቃጠል 70,000 ያህል ድንኳን ወደመ፣ 343 ሰው ሞተ። እሳቱ የተያያዘው ከጋዝ ምድጃ ነው። ከዚያ በኋላ ሳዑዲ ዓረቢያ ድንኳኖቹን በቴፍሎን በተለበጠ የፋይበርግላስ ሸራ ቀየረቻቸው፣ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ግን እዚያ አላቆመችም። በድንኳኖቹ ውስጥ የጋዝ ማብሰያ ተከለከለ፣ ሙቀት ሲሰማው ውሃ የሚረጭ መሣሪያም ተገጠመ። ከተራ ሸራ እጅግ የተሻለ ጨርቅ የያዙት ሰዎች እንኳ ማብሰያውን አስወጡት። ያንን «ውስጥ አስገቡት» ያለውን ሰው ይህን ባሳየሁት።

ከሙያው የሚመጡ ሁለት ነገሮችም ልጨምር፣ ባትጠይቁኝም። አንደኛው ጭሱና ኬሚካሉ ነው። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፣ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ስለዚህ እሳቱ ሸራው ላይ ባይስፋፋም ጭሱ ብቻውን ሰው መንገድ እንዲስት ያደርጋል። መከላከያ ኬሚካሎቹም ሁሉም ንጹሕ አይደሉም። ለጨርቅ ይውል የነበረው ኤችቢሲዲ የተባለ ኬሚካል እ.ኤ.አ. በ2013 አደገኛ ኬሚካሎችን ለማስወገድ አገሮች በተፈራረሙት የስቶክሆልም ስምምነት ከሚወገዱት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ አሮጌ ሸራ ሲጣል ወይም ሲቃጠል ይህ መታሰብ አለበት። ሁለተኛው ንፋስ ነው። የእሳት ሰው ጎኖቹ ይከፈቱ ይላል፣ ድንኳኑን የሚያቆመው መሐንዲስ ደግሞ ንፋስ ከሥር ገብቶ እንዳያነሳው ይዘጉ ሊል ይችላል። ሁለቱ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ይነጋገሩ። በዝግጅቱ ቀን ጠዋት ችካል ነቅሎ መውጫ መክፈት ሌላ አደጋ ነው።

ድንኳን የምትከራዩ ከሆነ ወረቀቱን ጠይቁ፣ ቀኑንም አንብቡ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የሸራ ዓይነትና ቁጥር ሸራው ጠርዝ ላይ ከተሰፋው ምልክት ጋር መመሳሰሉን በዓይናችሁ እዩ። ለጎን መጋረጃው፣ ለውስጥ ጨርቁ ለየብቻ ጠይቁ። «ይኸው ክብሪት ለኩሼ ላሳያችሁ» የሚላችሁ ካለ ድንኳኑ ላይ እንዲለኩስ አትፍቀዱ። ባለሙያ ሜዳ ላይ ሲፈትን ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ፣ ራቅ ብሎ፣ ማጥፊያ ይዞ ነው፣ እሱም ቢሆን የሚነግረው መከላከያው ጨርሶ መጥፋት አለመጥፋቱን ብቻ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጡና የአቀማመጡን ንድፍ ዘርጉ፦ ማብሰያው የት፣ ጄነሬተሩ የት፣ ስንት ሰው በምን አቀማመጥ፣ በየትኛው በር። ዝግጅቱ ሲጀመርም በእያንዳንዱ መውጫ አንድ ሰው መድቡ። ሥራው በሩን ክፍት አድርጎ መጠበቅ ብቻ ይሁን፣ ትኬት መቁረጥም ሆነ እንግዳ መቀበል አትደርቡበት።