ሊን ምንድን ነው? ቅጽን ኦንላይን ማድረግ ግን አይደለም

«ቅጾቻችንን በሙሉ ኦንላይን አድርገናል፤ አሠራራችን ሊን ሆኗል።» አልሆነም። ከቶዮታ ፋብሪካ የወጣውና በ1988 እ.ኤ.አ. «ሊን» የተባለው አስተሳሰብ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ሥራው ተገልጋዩ እጅ እስኪገባ የት የት ይቆማል?

አንድ የግዥ ጥያቄ እንውሰድ። ጠያቂው፣ የክፍል ኃላፊው፣ በጀት፣ ግዥና ፋይናንስ ይነኩታል። አምስቱም የሚሠሩበት ጊዜ ተደምሮ 25 ደቂቃ ነው እንበል፤ ጥያቄው የሚያልቀው ግን በ9 የሥራ ቀን፣ ማለትም በ4,320 ደቂቃ ነው። ሲስተሙ 25ቱን ወደ 15 ቢያወርደው የተረፈው 10 ደቂቃ ብቻ ነው። ድሮ ጠረጴዛ ላይ ይከርም የነበረው አሁን ኢንቦክስ ውስጥ ይከርማል።

ይህ እንጀራ ዘገየ ብሎ ፈጣን ምጣድ እንደ መግዛት ነው። ሊጡ እስኪቦካ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። «ታዲያ መቡካቱም ብክነት ነው?» ብሎ የሚሟገት አይጠፋም። አይደለም፤ ሊጡ ተቀምጦም እየተለወጠ ነው። ብክነቱ ከቦካ በኋላ የማድቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪመጣ የሚጠበቀው ነው። ለተጫራቾች የሚሰጠው ቀን መቡካት ነው፣ አይነካም። ስብሰባ የሄደን ፈራሚ መጠበቅ ግን ቁልፍ መጠበቅ ነው፤ ይህን ለማስቀረት ሶፍትዌር አያስፈልግም፣ ከተወሰነ ብር በታች ያለውን ኃላፊው ራሱ ይጨርሰው ማለት ይበቃል። ሊጡ ሳይቦካ ምጣዱ ቢፈጥን ደግሞ የሚወጣው የተበላሸ እንጀራ ነው፦ በአምስቱም ደረጃ ከመቶ 80ው ብቻ ተሟልቶ የሚያልፍ ከሆነ፣ ሳይመለስ መጨረሻ የሚደርሰው ከ100 ጥያቄ 33 ያህሉ ነው። ሲስተሙ ጉድለቱን በፍጥነት ያሳልፈዋል እንጂ አይሞላውም።

ወረፋውም አለ። 90 ጥያቄ ተከማችቶ በቀን 10 የሚያልቅ ከሆነ አዲስ ገቢ 9 ቀን ይጠብቃል። ቅጹ ስለቀለለ በቀን 12 ቢገባ፣ ከ20 የሥራ ቀን በኋላ ክምችቱ 130፣ ጥበቃው 13 ቀን ይሆናል። «ዲጂታል ሆነን ባሰብን» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሃያ ያህል መዝገብ ተከታትሎ በየጠረጴዛው የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት መጻፍ፣ ከዚያ ማቆሚያዎቹን ማንሳት፣ ሶፍትዌሩ ለቀረው ብቻ። (የኮምፒውተር ፎልደር በ«አምስቱ ማዎች»፣ ማለትም የሥራ ቦታን በማደራጃው የካይዘን ዘዴ፣ ማጽዳት ጥሩ ነው፤ ጥያቄውን ግን አያንቀሳቅሰውም።) ሲለካ አማካዩ ብቻውን አይታመንም፤ 60 ቀን የቆየ አንድ መዝገብ ያዛባዋል፣ መካከለኛውንም፣ ማለትም ቀኖቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን፣ መመልከት ይሻላል። እያንዳንዱ ጉዳይ ለየቅል በሆነበት ሥራ፣ ለምሳሌ በሕግ ምክር፣ ይህ ስሌት እንዳለ አይሠራም። ሰው መቀነስን ሊን የሚሉም አሉ፦ የቀሩት ሠራተኞች ደቂቃ እንኳ ክፍት ጊዜ ካጡ፣ ወረፋው የሚረዝመው ያኔ ነው።