ሌፕቲን ምንድን ነው?

ሐረር የግመል ሥጋ ቤት ከገባችሁ ሻኛውን ሳታዩ አታልፉም። ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ቢላ ሲያርፍበት ወዝ ያወጣል። "ከሻኛውም ጨመር አድርግልኝ" ይላል ገዢው። ብዙ ሰው ሻኛ ውሃ ማጠራቀሚያ ይመስለዋል። አይደለም፣ ስብ ነው። ግመሉ መኖ ሲጠፋ የሚኖርበት ስንቁ ነው።

ታዲያ ስንቁ መሙላቱን ወይም መጉደሉን የግመሉ አንጎል በምን ያውቃል? መልእክተኛው ሌፕቲን ነው።

ሌፕቲን ስብ ራሱ ሠርቶ ወደ ደም የሚለቀው ሆርሞን ነው። ስብ ሲበዛ ይበዛል፣ ሲያንስ ያንሳል። በደም ተጉዞ አንጎል ሥር ያለችው ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ ክፍል ይደርሳል። ሌፕቲኑ በቂ ሲሆን ሃይፖታላመስ ረሃብን ታበርዳለች። ሲወርድ ደግሞ ረሃብ ትቀሰቅሳለች፣ ሰውነትም ጉልበት እንዲቆጥብ ታደርጋለች። ፍየሉም እኛም እንደዚያው ነን። "ሆዴ ራበኝ" እንላለን እንጂ ነገሩ ያለው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ይህ የታወቀው በአይጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ በልተው የማይጠግቡ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩ አይጦች ነበሩ። ዳግላስ ኮልማን የሚባል ተመራማሪ የእነሱን ደም ከጤነኛ አይጦች ደም ጋር እንዲዘዋወር አገናኘው። ወፍራሞቹ መብላት ቀነሱ፣ ክብደታቸውም እንደ ቀድሞው በፍጥነት አልጨመረም። የጎደላቸው ነገር ጤነኞቹ ደም ውስጥ ነበር ማለት ነው። ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲንን የሚያሠራውን ጂን፣ ማለትም በዘር የሚወረሰውን መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 አገኙት። ሌፕቲን የሚለው ስም "ቀጭን" ከሚል የግሪክ ቃል ነው የመጣው።

ያኔ የውፍረት መድኃኒት ተገኘ ተብሎ ብዙ ተስፋ ተደርጎ ነበር። ሲወለዱ ጀምሮ ሌፕቲን ለሌላቸው ጥቂት ልጆች የሌፕቲን መርፌ በእርግጥም ሕይወት ቀይሯል። አብዛኛው ወፍራም ሰው ግን ሌፕቲን ሞልቶታል። አንጎሉ ነው በደንብ የማይሰማው።

አክስቴ በስንት መከራ አሥር ኪሎ ቀንሳ ነበር። ከዚያ ሌሊት ሳይቀር ይርባት ጀመር፣ ክብደቷም ተመለሰ። "መቼም ሆዷን አትችል" ተባለች፤ አጠገቧ ነበርኩ፣ ቀና ብላ እንኳ አልመለሰችም። ስቧ ሲቀንስ ሌፕቲኗ ወርዶ፣ አንጎሏ ድርቅ የገባ መስሎት ነበር እኮ።