ሊፕስቲክ፣ ማስካራና ሽቶ በአዳማ

አዳማ ውስጥ ሊፕስቲክ የምትገዛ ሴት ቀድማ የምትጠይቀው «ሙቀቱን ይችላል?» ብላ ነው። ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። ከፍታዋም ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ፊት ላይ ወዲያው ይታወቃል። አዲስ አበባ ላይ እስከ ማታ የሚቆይ ሜካፕ የአዳማው ፍራንኮ ሰፈር ሲደርስ ወዝ ማውጣት ይጀምራል።

ነፋሱም አለ። በዙሪያዋ ባሉት ኮረብቶች ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያለ ምክንያት አልተተከሉም። ሊፕ ግሎስ የሚባለውን የሚያጣብቅ የከንፈር ማብረቅረቂያ ተቀብታ ባጃጅ የተሳፈረች ሴት መንገዱን ሙሉ ፀጉሯን ከከንፈሯ ላይ ስታነሳ ትደርሳለች። በዚህ የተነሳ አዳማ የራሷ የአቀባብ ዕውቀት አላት። ዕውቀቱ የሚገኘው በኮስሞቲክስ ሻጮች፣ በሳሎን ሠራተኞችና በእናቶች ዘንድ ነው። እዚህ የተሰበሰበውም በአብዛኛው ከእነሱ የተሰማ ነው። አንዳንድ የቆዩ ነጋዴዎች ከተማዋን ዛሬም ናዝሬት ይሏታል። ስሟ ግን አዳማ ነው፤ ጽሑፉም በዚሁ ይቀጥላል።

ከሊፕስቲክ በፊት

ከሁሉም ኩል ይቀድማል። ድንጋዩ ይወቀጣል፣ ይደቅቃል፣ ይነፋል። ከዚያ በትንሽ ብልቃጥ ተቀምጦ በመኳያ ይኳላል። ሠርግ ላይ ስለ ሙሽራዋ ኩል መዝፈን ዛሬም አልቀረም። ብዙ አያቶች ኩል ዓይን ያጠራል ብለው ሕፃናትንም ይኩላሉ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የድንጋይ ኩል ብዙ ጊዜ የሚሠራው ጋሌና ከተባለ ማዕድን ነው። ጋሌና ውስጥ ያለው እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ነው፤ የሚጻፍበት እርሳስ አይደለም። የልጆችን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። ሕፃን ባይኳል ይሻላል። ወጣቶቹ አሁን የሚመርጡት በእንጨት እርሳስ መልክ የሚሸጠውን የፋብሪካ ኩል ነው።

ለእጅና ለእግር እንሶስላ ነበር። ሥሩ ተወቅጦ ሲታሰር አድሮ ደማቅ ቀይ ይተዋል። ለፀጉር ቅቤ ነበር፤ አደስ ሲገባበት ሽታው ልብ ይማርካል። ለሰውነት የወይባ ጢስ፣ ለቤት ዕጣን። የዝባድ ነገርም መረሳት የለበትም። ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት ነው። ሽቶ ቆዳ ላይ እንዲቆይ ያደርጋል። ኢትዮጵያ ለዓለም የሽቶ ፋብሪካዎች ለብዙ ዘመን በቀንድ እያሸገች ስታቀርብ ኖራለች። አሁን ብዙዎቹ ፋብሪካዎች በላቦራቶሪ በተሠራ ምትክ ይጠቀማሉ። ሆኖም የፈረንጅ ሽቶ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለት ልክ አይሆንም።

የሊፕስቲክም ነገር እንዲሁ ነው። በዋናነት የሚሠራው ከሰም፣ ከዘይትና ከቀለም ነው። ሰሙ ብዙ ጊዜ የንብ ሰም ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የንብ ሰም በብዛት ከሚያመርቱ የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ የጉሎ ዘይት ነው። ጉሎ አጥር ሥር ሳይዘሩት የሚበቅል ተክል ነው። ጌርላን የተባለው የፓሪስ ድርጅት ሊፕስቲክ ለገበያ ያቀረበው በ1884 ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር። በብረት ቱቦ ታሽጎ መሸጥ የጀመረው ደግሞ በ1915 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ነው።

ዕቃው የመጣበት መንገድ

አዳማ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በድሬዳዋ በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማ ላይም ጣቢያ ነበረው። ከምሥራቅ የሚመጣ ጨርቅ፣ ሳሙናና ሽቶ ለከተማዋ ቅርብ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተነሱ የሠርግ ፎቶግራፎች ላይ ከንፈራቸው የጠቆረ ሙሽሮች ይታያሉ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ነው እንጂ ቀለሙ ቀይ ነበር። በደርግ ዘመን የቅንጦት ዕቃ እንደ ልብ አይገባም ነበር።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ወሬው ይበዛል። ግብር የዋጋው ትልቅ ክፍል ነው፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሽቶ ላይ 100 በመቶ ጥሎ ነበር። ሻጮች ዘመን የሚቆጥሩት ግን በ2015 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ወር መንግሥት የውጭ ምንዛሬ ለመቆጠብ 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ምንዛሬ እንዳይገቡ ከለከለ። ሽቶና የመዋቢያ ዕቃዎች ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ።

ያን ጊዜ የነበረ ሰው አይረሳውም። መደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ አለቀ። የተተካው በሻንጣ የገባ ወይም በኮንትሮባንድ የመጣ ነበር። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ አዳማን አቋርጦ ስለሚሄድ ዕቃው ጨርሶ አልጠፋም። ዋጋው ግን በየሳምንቱ ይለወጥ ነበር። አንዲት ሻጭ ዋጋ መለጠፍ ያቆመችው ያኔ ነው፤ «ለጥፌ ሳልጨርስ ይጨምራል» ትላለች። ሴቶችም መላ ፈጠሩ። ጓደኛሞች አዋጥተው አንድ ሽቶ ይገዙና ይካፈሉት ጀመር። ሱቆቹም ከትልቁ ጠርሙስ በሲሪንጅ እየቀዱ በ5 እና በ10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ መሸጥ ያዙ። ይህ አሠራር ዛሬም አለ። ገንዘብ ያላነሳትም ትገዛዋለች፤ ሙሉውን ከመግዛቷ በፊት ሽቶውን ለሳምንት መሞከሪያ ይሆናታልና።

እገዳው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተነሳ። በዚያው ሰሞን ግን የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ስለዚህ ዕቃው ተመለሰ፤ ዋጋው አልተመለሰም።

ኦሪጅናልና ኮፒ የሚለው ክርክር የተፋፋመውም በዚሁ ጊዜ ነው። «ማስተር ኮፒ» የሚባለው ከዋናው አይለይም የሚሉ አሉ። ሽታው ሲከፈት ይመሳሰል ይሆናል። ከንፈርና ዓይን ላይ በሚውል ነገር ግን ክርክር አያስፈልግም። ምን እንደተጨመረበት የማይታወቅ ቀለም አይቀባም። የመዋቢያ ምርቶችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ገዢም የራሷን ድርሻ መወጣት ትችላለች። ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ዕቃው ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። ክዳኑ የተከፈተ ቆርቆሮ የሚመስል ትንሽ ምልክት ካለ፣ ውስጡ ያለው ቁጥር ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ይናገራል።

አሞካከሩ

የአዳማ ኮስሞቲክስ ሱቆች በፖስታ ቤትና በፍራንኮ አካባቢ በርከት ይላሉ። ጠባብ ናቸው። መስታወት፣ ነጭ አምፖልና ከመደርደሪያው ፊት የተደረደሩ መሞከሪያዎች አሏቸው። «ሞክሪው የኔ ቆንጆ» ማለት የሻጭ ወግ ነው። ጥሩ ሻጭ ግን ከንፈርሽ ላይ አታስነካሽም። እጅሽን ተቀብላ በእጅሽ ጀርባ ላይ ታሰምርልሻለች።

ምክንያቱ ምች ነው። ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስል በእኛ ዘንድ ከፀሐይና ከምግብ ሽታ ጋር ይያያዛል፤ ዳማከሴም ይታሽለታል። ሐኪሞች የሚሉት ቁስሉን የሚያመጣው ሄርፐስ የተባለ ቫይረስ መሆኑን ነው። ቫይረሱ አንዴ ከገባ ሰውነት ውስጥ ይቀመጣል። ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይቀሰቀሳል። ስለዚህ እናቶቻችን ፀሐይን መጠርጠራቸው ትክክል ነበር። ያላወቁት ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን ነው። ብዙ ከንፈር የነካው መሞከሪያ ወይም ከጓደኛ የተዋሱት ሊፕስቲክ ቫይረሱን ሊያስተላልፍ ይችላል። መዋዋስ የፍቅር ምልክት በሆነበት አገር «አላውስም» ማለት ይከብዳል። ቢሆንም በዚህ ላይ መጨከን ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ብርሃን ነው። የሱቅ አምፖል ቀለም ያታልላል። እጅሽ ላይ የተሰመረውን ይዘሽ ወደ በሩ ውጪና በፀሐይ እዪው። ውስጥ ቡኒ የነበረው ውጭ ብርቱካናማ ሆኖ ይገኛል። ለጠይም ፊት ወይን ጠጅና ቡናማ ቀይ ይስማማሉ ይባላል። ለቀይ ዳማ ደግሞ ደማቁን ቀይ የሚመክሩ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ጥቁር ሴት ደማቅ ቀይ ተቀብታ እንዳየሁት ውበት አላየሁም፤ «አይሄድሽም» የሚሉ ሻጮችን አትስሚ እላለሁ።

ሦስተኛው ነገር የሚቆይበት ጊዜ ነው። ማት የሚባለው ድርቅ ያለ ሊፕስቲክ ሙቀትን በደንብ ይችላል። ነፋሱ ግን ከንፈር ያደርቃል፤ ማቱም ይጨምርበታል፤ ከሰዓት ላይ ይሰነጣጠቃል። የሳሎን ባለሙያዎች መፍትሔ ቀላል ነው። መጀመሪያ ቫዝሊን ተቀቢ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቂ፣ በሶፍት ጥረጊ፣ ከዚያ ሊፕስቲኩን ቀቢ፣ ሶፍት ንከሺና ድገሚ። ቡናማ ላይነር (የከንፈር ማስመሪያ) ከስር ማድረግ ቀለሙ ወደ ውጭ እንዳይሄድ ይረዳል። ሊፕስቲክ መኪና ውስጥ ወይም መስኮት ላይ አይቀመጥም። ከለሰለሰ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ቅርጹን ይይዛል።

ቤተ ክርስቲያን ለሚሳለሙ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። በሩንና መስቀሉን ስትሳለሚ ቀለም እንዳይቀር ሊፕስቲክ ከደጅ ይጠረጋል። ለቁርባን ጨርሶ አይቀባም። በፕሮቴስታንት አማኞች ዘንድ ነገሩ ከአጥቢያ አጥቢያ ይለያያል።

ማስካራ

ማስካራ ብዙ ወሬ የለውም። ማይቤሊን በ1915 በእነሱ አቆጣጠር ሲመሠረት ሥራው የሽፋሽፍት መዋቢያ ነበር። ያኔ ማስካራ ደረቅ ሆኖ በርጥብ ብሩሽ ይቀባ ነበር። ብሩሹ ከቱቦው ጋር የመጣው በዚያው አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ሱቅ ውስጥ የሌላ ሰው ዓይን በነካ ብሩሽ አይሞከርም፤ የዓይን ሕመም ያጋባል። ከተከፈተ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው መጣል አለበት። ብሩሹን ቱቦው ውስጥ ደጋግሞ መክተት አየር ስለሚያስገባ ቶሎ ያደርቀዋል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት የላይኛውን ሽፋሽፍት ብቻ መቀባት ከዓይን ሥር እንዳይጠቁር ይረዳል። ሶደሬ ለመዋኘት ለሚሄዱ ውኃ የማይበግረው አለ። እሱ የሚነሳው በዘይት ነው፤ በሳሙና መፈተግ ሽፋሽፍት ይነቅላል።

ሽቶ

ሽቶ በኦሮምኛም ሺቶ ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ የምትናገረው ከተማ አንድ ቃል ይበቃታል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ስም ጥንካሬውን ይናገራል። ኦ ደ ፓርፋም ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል የሽታ ዘይት አለው። ኦ ደ ትዋሌት ከ5 እስከ 15፣ ኮሎኝ ከዚያም ያነሰ። የቀረው አብዛኛው አልኮል ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሙስሊም ሴቶች አልኮል የሌለበትን የዘይት ሽቶ፣ ዑድና ሚስክ ይመርጣሉ። አልኮል ያለው ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው በዑለማ መካከልም ያከራክራል።

ሽቶ እንደተረጨ የሚሸተውና ከሰዓት በኋላ የሚሸተው የተለያዩ ናቸው። መጀመሪያ እንደ ሎሚ ያሉት ቀላሎቹ ይተናሉ። ከዚያ አበባው ይመጣል። በመጨረሻ የሚቀረው እንጨቱ፣ ቫኒላውና ዕጣኑ ነው። የአዳማ ሙቀት ይህን ጉዞ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ልምድ ያላት ገዢ አንጓዋ ላይ ታስረጭና ትሄዳለች። ገበያዋን ጨርሳ፣ ቡና ጠጥታ፣ ከሰዓት ተመልሳ ትወስናለች። ሻጮቹም አይቀየሙም። በአንድ ቀን ከሦስት ሽቶ በላይ መሞከር አይጠቅምም፤ አፍንጫ ይለምዳል። ብዙ ሱቆች አፍንጫ እንዲያርፍ የቡና ፍሬ ያቀርባሉ። ከበር ወጥቶ ንጹሕ አየር መሳብም ያንኑ ይሠራል፤ በቡና አገር ግን ፍሬውን እምቢ የሚል የለም።

ቀን ላይ ቀላሉ፣ ማታ ደግሞ ከባዱ ይመረጣል። ቆዳ ከደረቀ ሽቶ አይዝም፤ ቀድሞ ቫዝሊን ወይም ሎሽን መንካት ያቆየዋል። የአዳማ ሴቶች የሚጠነቀቁበት አንድ ቦታ ሚኒባስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ብርድ ይገባል ተብሎ መስኮት ይዘጋል። በዝግ መኪና ውስጥ ከባድ ሽቶ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አይመችም። ስለዚህ ለመንገድ የሚቀቡት ጥቂት ነው፤ ብልቃጧ ቦርሳ ውስጥ ትሆናለች። መኪናው ሞጆን አልፎ ሙቀቱ ሲመጣ መስኮቱ ይከፈታል። ያኔ ብልቃጧ ትወጣለች።