አስማትና ዜማ በሃይሩል ምድር

ሃይሩል ካርታ ላይ የለችም። የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ በ1986 በጀመራቸው የ«ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» የቪዲዮ ጌሞች ውስጥ ያለች ምናባዊ መንግሥት ናት። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተከታታዩ ከጥንስሱ ጀምሮ አስማትም ሙዚቃም አላጣም። ሁለቱ በደንብ ተጋጥመው የተሠሩት ግን በኖቬምበር 1998 ኒንቴንዶ 64 ለተባለው የጌም ማሽን በወጣው «ኦካሪና ኦፍ ታይም» ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ዳሰሳ በአብዛኛው እሱን ይከተላል።

በሃይሩል አስማት እንደ ሞባይል ካርድ ነው። ሲጠቀሙበት ያልቃል፣ ካለቀ ይሞላል። ዜማ ግን አያልቅም። አንዴ የተማሩትን ዜማ መቶ ጊዜ ቢጫወቱት የሚቀነስ ነገር የለም። ደግሞም አስማቱን የሚሰጡት ፌሪ የሚባሉት የተረት መንፈሶች ዜማ ካልሰሙ ብቅ አይሉም። ማለትም የማያልቀው ኃይል ለሚያልቀው ኃይል ቁልፍ ነው። የጌሙ ውበት እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አረንጓዴው መስመር

በሃይሩል አፈ ታሪክ ምድሪቱን የፈጠሩት ዲን፣ ናይሩና ፋሮሬ የተባሉ ሦስት ሴት አማልክት ናቸው። ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ትራይፎርስ የሚባሉ ሦስት ወርቃማ ሦስት ማዕዘኖች ትተው ሄዱ። አንዱ የኃይል፣ አንዱ የጥበብ፣ አንዱ የድፍረት ነው። የኃይሉ ክፋይ የክፉው የጋኖንዶርፍ፣ የጥበቡ የልዕልት ዜልዳ፣ የድፍረቱ ደግሞ የሊንክ ይሆናል። ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ሊንክን ነው።

ጌሙ ሲጀመር ሊንክ አስማት የሚባል ነገር የለውም። የአስማቱን መጠን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር እንኳን ስክሪኑ ላይ አይታይም። መስመሩ የሚመጣው የሞት ተራራ አናት ላይ ካለችው ታላቅ ፌሪ ጋር ሲገናኝ ነው። ከፌሪ ጋር የመገናኛው መንገድ ሁልጊዜ አንድ ነው። ፌሪዋ ያለችበት ምንጭ አጠገብ መሬት ላይ የትራይፎርስ ምልክት አለ። ሊንክ እዚያ ላይ ይቆምና «የዜልዳ እሹሩሩ» የሚባለውን ዜማ ይጫወታል። ፌሪዋ ጆሮ በሚበጥስ ሳቅ ከውሃው ትወጣለች። ያንን ሳቅ የሰማ አይረሳውም፤ ማታ ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚጫወት ሰው ቤተሰቡን ያስደነግጣል። እዚያው ተራራ፣ እሳተ ገሞራው ጉድጓድ ውስጥ ያለችው ሌላኛዋ ፌሪ ደግሞ መስመሩን በእጥፍ ታስረዝመዋለች።

ሦስቱ ዋና ድግምቶች በአማልክቱ ስም ይጠራሉ። «የዲን እሳት» በሊንክ ዙሪያ የእሳት ክብ ያስነሳል፤ ጠላት ያቃጥላል፣ ችቦ ይለኩሳል። የሚገኘው ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ካለ ምንጭ ነው፣ መግቢያውን የዘጋው ቋጥኝ በቦምብ ከተነሳ በኋላ። «የፋሮሬ ነፋስ» ጉደኛ ነገር ነው። ዋሻና ቤተ መቅደስ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ምልክት ይተክላል፣ ሁለተኛ ሲጠሩት ወደዚያ ይመልሳል። «የናይሩ ፍቅር» ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ጉዳት እንዳይደርስ ሊንክን ይሸፍነዋል። ቢመቱት ገፍተው ይጥሉታል እንጂ ሕይወቱን የሚለካው ልብ አይቀንስም።

ከሦስቱ ግድ የሚለው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱን ጨርሶ ሳያገኙ ጌሙን መፈጸም ይቻላል፤ ብዙ ሰውም እንዲያ ነው የፈጸመው። እኔን ከጠየቃችሁ የፋሮሬን ነፋስ መዝለል ግን በገዛ እጅ መንገድ ማራዘም ነው።

ከድግምቶቹ ሌላ አስማት የሚበሉ ዕቃዎችም አሉ። የእሳት፣ የበረዶና የብርሃን ቀስቶች በተተኮሱ ቁጥር ከመስመሩ ይቀንሳሉ። የብርሃኑ ቀስት ከሌሎቹ እጥፍ ይበላል፤ ጋኖንዶርፍን የሚያንበረክከውም እሱ ነው። የተሰወረውን የሚያሳየው «የእውነት መነጽር» ደግሞ በዓይን እስከተያዘ ድረስ አስማቱን ጠብ ጠብ እያደረገ ይጨርሰዋል። መሙያው ብዙ ነው። ሣር ሲታጨድና ማሰሮ ሲሰበር ትንንሽ አረንጓዴ ዕቃዎች ይወድቃሉ። ጠርሙስ ያለው ሰው ከመድኃኒት ሻጭ አረንጓዴውን መጠጥ መግዛትም ይችላል።

አምስቱ ድምፆች

ኦካሪና በዓለማችን ያለ እውነተኛ መሣሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሸክላ ይሠራል፣ በእጅ መዳፍ ይያዛል፣ እንደ ዋሽንት በትንፋሽ ይጫወቱታል። ሊንክ በጌሙ ሁለት ኦካሪና ይይዛል። የመጀመሪያውን ከጫካው ሲወጣ ጓደኛው ሳሪያ ትሰጠዋለች። ሁለተኛው የንጉሣውያን ቤተሰብ ቅርስ የሆነው የጊዜ ኦካሪና ነው። ዜልዳ ከጋኖንዶርፍ ስታመልጥ ፈረስ ላይ ሆና ቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ወዳለው ውሃ ትወረውርለታለች።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። የኒንቴንዶ 64 ጆይስቲክ አራት ቢጫ ቁልፎችና ኤ የሚባል ቁልፍ አሉት። እነዚህ አምስቱ አምስት ድምፅ ያወጣሉ፤ ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ እና ከፍ ያለው ሬ። አምስት ድምፅ ሲባል እኛ ወዲያው ቅኝት ትዝ ይለን ይሆናል። ግን አይደለም። የመጨረሻው ሬ የመጀመሪያው ሬ ኦክታቭ ስለሆነ በትክክል ከተቆጠረ አራት ድምፅ ነው ያለው። የጌሙ የሙዚቃ ደራሲ ኮጂ ኮንዶ የሊንክን ዜማዎች በሙሉ የሠሩት በዚህች ጠባብ ክልል ውስጥ ነው።

አንዱ ቁልፍ ድምፁን በግማሽ ከፍ፣ ሌላው በግማሽ ዝቅ ያደርጋል። ዱላውን በመግፋት ደግሞ ድምፁን ማጠፍና ማንቀጥቀጥ ይቻላል። በዚህ ታግዞ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ማንኛውም ዜማ ይወጣል። ትዝታን ወይም አምባሰልን መሞከር የሚፈልግ መንገዱ ክፍት ነው። ሃይሩል ውስጥ አንድም በር ባይከፍትለትም።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዜማዎች አሠራር አንድ ነው። ሦስት ድምፅ ሁለት ጊዜ ይደጋገማል። «የዜልዳ እሹሩሩ» ግራ፣ ላይ፣ ቀኝ፤ እንደገና ግራ፣ ላይ፣ ቀኝ ነው። በቃ። ልጅ እንኳን በአንድ ጊዜ ይይዘዋል። ተጫዋቹ ስድስቱን ቁልፎች ሲጨርስ ጌሙ ራሱ ይረከብና ዜማውን አስፍቶ ይጫወተዋል። ዓመታት አልፈው ጌሙን የሚከፍት ሰው መንገዱን ቢረሳ ጣቱ ዜማውን አይረሳም።

አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። ዜማውን የሚያስተምር ሰው ወይም ጽሑፍ በጌሙ ውስጥ መገኘት አለበት። ቁልፎቹን ከሌላ ሰው ሰምቶ ወይም ኢንተርኔት ላይ አይቶ ቀድሞ ቢመታ ድምፁ ይሰማል፣ ግን ምንም አይፈጠርም። ከዚህ የሚያመልጠው የወፍ ማስፈራሪያው ዜማ ብቻ ነው። ሃይሊያ ሐይቅ ዳር የቆመው ማስፈራሪያ ሕፃኑ ሊንክ ራሱ የፈጠረውን ባለ ስምንት ድምፅ ዜማ ይሰማና በቃሉ ይይዛል። ሊንክ ከሰባት ዓመት በኋላ ያንኑ ሲጫወትለት ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ የተወሰኑ ከፍታዎች አጠገብ ዜማው ሲሰማ ሌላ ማስፈራሪያ ብቅ ይልና በመንጠቆ ተጎትተው እንዲወጡ ያደርጋል።

ዜማዎቹ ምን ይሠራሉ

እሹሩሩውን የምታስተምረው የዜልዳ ሞግዚትና ጠባቂ ኢምፓ ናት። ዜማው የንጉሣውያን ቤተሰብ መታወቂያ ነው። ፏፏቴ ፊት ሲጫወቱት ውሃው ተከፍሎ ዞራ ወደሚባሉት የውሃ ሕዝቦች አገር ያስገባል። የውሃው ቤተ መቅደስ ውስጥ ደግሞ የውሃውን ከፍታ ይቀያይራል። ያ ቤተ መቅደስ ስንቱን እንዳሰለቸ የተጫወተ ያውቀዋል።

የኤፖናን ዜማ የከብት እርባታው ልጅ ማሎን ታስተምራለች። ፈረሷን ኤፖናን ይጠራል። ላም ፊት ሲጫወቱት ደግሞ ላሟ ወተት ትሰጣለች፤ ባዶ ጠርሙስ መያዝ ነው። የሳሪያን ዜማ ጎሮን ለሚባሉት የተራራ ሕዝቦች አለቃ ለዳሩኒያ ሲያሰሙት ኩርፊያውን ትቶ ይጨፍራል፣ ቦምብ አበባ የሚያስነሳውን አምባርም ይሸልማል። የዚህ ዜማ መገኛ የጠፋው ጫካ ነው። ጫካው መንታ መንገድ የበዛበት ነው። ትክክለኛውን የሚያመለክተው ሙዚቃው ራሱ ነው፤ ድምፁ ከፍ በሚልበት በኩል መሄድ ነው።

የፀሐይ ዜማ ቀኑን ሌሊት፣ ሌሊቱን ቀን ያደርጋል። የሠሩት አሁን በሕይወት የሌሉ ሁለት የንጉሥ የዜማ ደራሲዎች ናቸው። ሊንክ የሚማረው ካካሪኮ መንደር መቃብር ሥር፣ ድንጋይ ላይ ከተቀረጸ ግጥም ነው። እዚያው ሰው አይተው የሚጮኹትን ሬሳዎች ባሉበት ያደርቃቸዋል። የጊዜ ዜማ ከሦስት ዕንቁዎች ጋር ሆኖ የጊዜን በር ይከፍታል። ከበሩ ጀርባ ያለው ሰይፍ ሊንክን ሰባት ዓመት ወደ ፊት ይወስደዋል።

የወጀብ ዜማ ግን ለብቻው ይወራለታል። ዝናብ ከመጥራት አልፎ አእምሮ ያዞራል። አዋቂው ሊንክ ካካሪኮ የነፋስ ወፍጮ ቤት ይገባል። አንድ ሰው የሙዚቃ ሣጥኑን እያሽከረከረ ተናዷል። ከሰባት ዓመት በፊት ኦካሪና የያዘ አንድ ልጅ መጥቶ እንግዳ ዜማ ተጫውቶ ወፍጮዬን አበላሸው ይላል። ዜማውንም ያሰማዋል፤ ሊንክ ይማራል። ከዚያ ሊንክ ወደ ልጅነቱ ይመለሳል፣ ያው ወፍጮ ቤት ይገባል፣ ያንኑ ዜማ ይጫወታል። ወፍጮው እንደ እብድ ይሽከረከራል፣ የመንደሩ ጉድጓድ ውሃም ይደርቃል። ልጁ ሊንክ ራሱ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ዜማውን ማን ደረሰው? ሰውዬው ከልጁ ሰማ፣ ልጁ ከሰውዬው። መጀመሪያ የለውም። ጌሙም መልስ ለመስጠት አይሞክርም፤ ደግሞም ባይሞክር ይሻላል። የእውነት መነጽሩ የሚገኘው በደረቀው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዜማው መንገድ ከፈተ፣ አስማቱ ተከተለ።

ሌሎቹን ስድስት ዜማዎች የምታስተምረው ትንሽ በገና ይዛ ብቅ ጥልቅ የምትለው ሺክ የምትባል ባለ ምስጢር ናት። ማንነቷ መጨረሻ ላይ ይታወቃል፤ ገና ያልተጫወተ ካለ አላበላሽበትም። ዜማዎቹ ሚኑዌት፣ ቦሌሮ፣ ሴሬናድ፣ ኖክተርን፣ ሬኩዌምና ፕሬሉድ በሚሉ የአውሮፓ ሙዚቃ ስሞች ይጠራሉ። ሥራቸው ከቦታ ቦታ ማድረስ ነው፤ ጫካ፣ እሳተ ገሞራ፣ ሐይቅ፣ መቃብር፣ በረሃ፣ የጊዜ ቤተ መቅደስ። አጭሩ የውሃው ሴሬናድ አምስት ድምፅ ነው፣ ረጅሙ የእሳቱ ቦሌሮ ስምንት። ሕፃኑ ሊንክ በረሃውን ማቋረጥ ስለማይችል ያለ ሬኩዌሙ እዚያ መድረሻ የለውም።

አስማትና ዜማ እጅ ለእጅ የሚያያዙበትን ማየት የሚፈልግ የጥላውን ቤተ መቅደስ ይመልከት። መግቢያው ከመቃብሩ በላይ ከሚደረስበት አምባ ላይ ነው። እዚያ የሚያደርሰው ኖክተርኑ ነው። ከደረሱ በኋላ ግን በሩ ዝም ይላል። ዙሪያውን የቆሙትን ችቦዎች ባንድ ጊዜ መለኮስ ያስፈልጋል። ያን የሚያደርገው የዲን እሳት ብቻ ነው። ያልያዘ ሰው ተመልሶ ፌሪዋን መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ክፉውም ሙዚቀኛ ነው። መጨረሻ ላይ የጋኖንዶርፍን ግንብ ሲወጡ የኦርጋን ድምፅ ይሰማል። በወጡ ቁጥር እየጎላ ይሄዳል። ተጫዋቹ ከበስተጀርባ የተለቀቀ ሙዚቃ ነው ብሎ ያስባል። ላይ ሲደርስ ጋኖንዶርፍ ጀርባውን ሰጥቶ ኦርጋኑን እየመታ ያገኘዋል።

ከጌሙ ሙዚቃ ጋር የሚነሳ አንድ ሌላ ጉዳይም አለ። በመጀመሪያዎቹ ካርትሪጆች የእሳቱ ቤተ መቅደስ ሙዚቃ ውስጥ የእስልምና ጸሎት ድምፅ ተቀድቶ ገብቶ ነበር። በኋላ በታተሙት ላይ ወጥቶ በሌላ ድምፅ ተተክቷል።

ከዚያ በፊትና በኋላ

እሹሩሩው ከ1998 በፊትም ነበር። በ1991 ሱፐር ፋሚኮም ለተባለው የኒንቴንዶ የቀድሞ ማሽን በወጣው የዜልዳ ጌም ላይ የልዕልቷ መለያ ሆኖ ይሰማል። በ2011 «ስካይዋርድ ሶርድ» ሲወጣ ደግሞ የጌሙን ዋና ዜማ ገልብጦ ያጫወተ ሰው ያው እሹሩሩ ሆኖ አገኘው።

በ2000 የመጣው «ማጆራስ ማስክ» የጊዜን ዜማ ዋና ሞተሩ አደረገው። በሦስት ቀን ውስጥ ጨረቃ ወድቃ ዓለም ያልቃል፤ ዜማው ወደ መጀመሪያው ቀን ንጋት ይመልሳል። ገልብጠው ሲጫወቱት ሰዓቱ ይዘገያል። እያንዳንዱን ድምፅ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲመቱት ወደ ፊት ይዘላል። ሊንክ ጭምብል አድርጎ ሲለወጥ መሣሪያውም ይለወጣል፤ ጎሮን ሲሆን ከበሮ፣ ዞራ ሲሆን ጊታር ይይዛል። በ2002 «ዊንድ ዌከር» ላይ ኦካሪናው ቀርቶ የኦርኬስትራ መሪ ዱላ መጣ። ሊንክ ዱላውን እያወዛወዘ የነፋሱን አቅጣጫ ይቀይራል፣ መርከበኛ ለሆነበት ጌም ትልቅ ነገር ነው። በ2006ቱ ጌም ደግሞ ተኩላ ሆኖ ያላዝናል።

በ2017 «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ሁለቱንም ነገሮች ከሊንክ እጅ አወጣ። አረንጓዴው መስመር የለም፤ በቦታው የድካም መለኪያና የሺካ ጽላት የሚባል ታብሌት መሳይ መሣሪያ ገቡ። ሊንክም መሣሪያ አይጫወትም። ሙዚቃው የቀረው አኮርዲዮን ይዞ አገር ለሚያቋርጠው፣ ካስ ለሚባለው ወፍ መሳይ ገጣሚ ነው። የጥንት እንቆቅልሽ ያንጎራጉራል፤ ሰምቶ የፈታ የተደበቀ መቅደስ ያገኛል። በ2023 በወጣው ተከታይ ካስ የለም። የት እንደሄደ ተጫዋቾች እስካሁን ይጠይቃሉ።