የፖላንድ ሚኒስትር የሚነሳው በስንት ድምፅ ነው?

የፖላንድን ዜና የሚከታተል ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። 230 የሴይም (የታችኛው ምክር ቤት) አባላት «ሚኒስትሩ ይነሱ» ቢሉና 200 ቢቃወሙ፣ ሚኒስትሩ ከወንበራቸው ንቅንቅ አይሉም። ለምን? እ.ኤ.አ. በ1997 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አብላጫውን የሚቆጥረው በዕለቱ ከተገኙት ሳይሆን ከጠቅላላው 460 አባላት ነው። ስለዚህ 231 ድምፅ የግድ ነው። የቀረም ሆነ ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገ፣ ወደደም ጠላም ሚኒስትሩን ጠቀመ ማለት ነው።

ጥያቄውን ለማቅረብ 69 አባላት ይበቃሉ። 231 ከሞላ ፕሬዚዳንቱ ሚኒስትሩን ማሰናበት አለባቸው፤ አማራጭ የላቸውም።

መንግሥቱን በሙሉ ለመጣል ግን የሚተካው ጠቅላይ ሚኒስትር አብሮ በስም መቅረብ አለበት። ይሄ አንቀጽ በጣም ደስ ይለኛል፤ ተቃዋሚዎች ለማፍረስ ብቻ ተስማምተው አገሩን ያለ መንግሥት እንዳይተዉት ያግዳል።